የኔታ ፊት የቀረበው ፊልም

ጥር 14
ከፋርማሲው ስወጣ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ጥምቀት አልፎም እንግዳው ከጎንደር አልወጣ፤ ባጃጅ በስንት ልመና አገኘሁ። አባዬ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጠበቁኝ። «እንዴት ዋሉ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። በቃ፣ ይኸው ነው ጨዋታችን። ስትሮኩ ከመታቸው ወዲህ እግራቸው ተሻለ፣ እጃቸው ተሻለ፤ አንደበታቸው ግን... ዕድሜ ልካቸውን ንባብ ያስተማሩ ሰው! ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላ የኔታ ሄዱ። ዲያቆን መዝሙር ብቻ ቀረ። ምን ይፈረድባቸዋል? ድምፅ የሌለው መምህር በምን ያርማል?

ጥር 17
ሐኪሙ «አንብቡላቸው» ብሏል። ዳዊት አነበብኩ። በቃላቸው አይደል የሚያውቁት? ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተናድጄ እኔ የምወደውን ልብ ወለድ አነሳሁ፣ «የበረዶው በር»ን። ዘንዶ፣ ጠንቋይ... መሪጌታ ፊት! ይቅር ይበለኝ። ምዕራፉን ጨርሼ ልዘጋው ስል እጄን ያዙኝ። ቀጥይ ማለታቸው ነው። ቀጥይ!

ጥር 29
መጽሐፉን ጨረስን። ንግሥቲቱ ሰይፏን ለታናሽ ሴት ልጇ ስትሰጥ አባዬ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም አላስቻለኝም።

የካቲት 3
የመጽሐፉ ፊልም ክፍል ሁለት ወጣ! የአንባቢዎቹ የቴሌግራም ግሩፓችን እየነደደ ነው። ያየው ግማሹ ይራገማል፣ ግማሹ ያለቅሳል። ቢያዝን ከኮሶዬ፦ «ዘንዶው ሸጋ ነው፤ ሌላውን ለእግዜር ሰጥቻለሁ።» ግሩፑን የምትመራው ጓደኛዬ ፍሬ ደግሞ፦ «ታሪኩን ያወራ ይባረራል!» እኔ አባዬን ትቼ የት እሄዳለሁ? «እናንተ ቤት እናያለን» አለች። እሷ መቼ ታፍራለች!

የካቲት 8፣ ቅበላ
ከነገ ጀምሮ ጾም ነው፤ ዶሮውም ፊልሙም ዛሬ ማለቅ አለበት። የግሩፑ ሰው መጥቶ ሳሎኑ ጢም አለ። መዝሙር «እኔ ዲያቆን ነኝ፣ አላይም» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ጆሮው ግን ወደ እኛ!
ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ... ንግሥቲቱ ሰይፉን ለወንድ ልጇ ሰጠችው። ወንድ ልጅ! መጽሐፉ ላይ ወንድ ልጅ የላትም እኮ። ፍሬ ጮኸች። ቢያዝን አንዴ አይቶት ሳለ እንደ አዲስ «ምነው፣ ምን በደልናችሁ!» እያለ ቲቪው ላይ አፈጠጠ። በዚህ መሐል መቋሚያ ወለሉን መታ።
«ተመለስ!»
ሁላችንም ዞር አልን። የአባዬ ድምፅ ነው። ሻካራ፣ ግን የራሳቸው። ተማሪ ንባብ ሲስት የሚሉት። መዝሙር ከልማዱ ዘሎ ቆመና «የቱ ጋ ሳትሁ የኔታ?» አለ። አንተን ማን አለህ፣ ፊልሙን እኮ ነው!
ፍሬ ሪሞቱን አንስታ ወደ ኋላ መለሰችው። ንግሥቲቱ እንደገና ለወንዱ ሰጠች። «ተመ...ለስ!» መለስንላቸው። አሁንም ሳተች። አባዬ ምራቃቸውን ዋጡ፣ ታገሉ፣ «ለ...ታናሺቱ» አሉ።
ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም። እግራቸው ላይ ተደፋሁ። ተመስገን አምላኬ፣ ተመስገን።

የካቲት 10
ፍሬ «የኔታ ፊልሙን አረሙት» ብላ ለጠፈች። ግሩፑ አበደ። የትክል ድንጋይዋ ይመኙሽ ብቻ «እኔ ግን ወድጄዋለሁ፣ የኔታ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ለአባዬ አነበብኩላቸው። አሰቡ፣ አሰቡና...
«ት...ቅረብ!»
ወይ ይመኙሽ፣ አለቀልሽ!

መጋቢት 6
ሁለት ተማሪዎች ተመለሱ። የአባዬ ቃል ይጎተታል፤ አንዳንዱም ጨርሶ እምቢ ይላል። ሐኪሙ «ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል» አለኝ። ይሁን። የሰጠኝ ይበቃኛል። የፊልሙን ሠሪዎች ሰው ሁሉ ይረግማቸዋል፤ እኔ እመርቃቸዋለሁ። እንደ መጽሐፉ ቢሠሩት ኖሮ አባዬ ዝም ብለው አይተው ዝም ብለው ይተኙ አልነበር? እንኳን ሳቱ!
ማታ መጽሐፉን እንደ አዲስ ጀመርን። «ዘንዶው» የሚለውን «በሬው» ብዬ አነበብኩ። «ተመለሺ!» አሉ። ንግሥቲቱን ሽሮ አሠራኋት። «ተመለሺ!» ወይ ጣዕሙ... ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሳትኩ። ዝም። ደነገጥኩ። ቀና ብል እያዩኝ ነው፣ ሳቃቸውን አፍነው።
«አው...ቀሽ ነው» አሉ።