ስም የሌላቸው አስተያየቶች

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

"ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የተከበሩ ሼህ፣ የተከበራችሁ የመስተዳድር ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ወጣቶች…"

ከሰዓት በኋላ ይህን ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። ቅደም ተከተሉ አስቸገረኝ። የፊታችን እሑድ በአዳራሹ የፖሊስ ፊልም ይታያል። ግማሹ የተቀረጸው እዚሁ ዋግ ተራራ ላይ ነው አሉ። ሠሪዎቹ የተመልካች አስተያየት ይፈልጋሉ። ዝግጅቱን የሚያስተባብረው ወጣት፣ ወንዳወቅ፣ ጠዋት ቤት ድረስ መጣ።

"ኮማንደር፣ ፖሊስነትንም ሽምግልናንም የሚያውቅ ሰው ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?"

ውዳሴ መሆኑ አልጠፋኝም። ተቀበልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የደንብ ልብስ፣ ከጡረታ ወዲህ ስድስት ዓመት የሽማግሌዎች ሰብሳቢነት… ሰው መድረክ ይለምዳል።

ባለቤቴ ጥሩሐረግ ንግግሩን ሰምታ፣ "እናቶችን ሁልጊዜ ከሽማግሌ ኋላ ነው የምታሰልፋቸው" አለችኝ። ሳቅሁ። ቦታውን ግን አልለወጥኩም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከሰቆጣ ዙሪያ በእግር የመጡ ነበሩ።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ጀግናው መቶ አለቃ ነው። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይተኩሳል። ሪፖርት ሲጽፍ ግን አንድም ጊዜ አላየሁትም። እኔ ከሠራሁት ሥራ ግማሹ ሪፖርት መጻፍ ነበር።

ወደ መጨረሻው ግድም፣ አንድ ኬላ ላይ፣ አንድ ወጣት ከመኪና ወርዶ ሲሮጥ መቶ አለቃው ከጀርባው በጥይት መታው። አዳራሹ አጨበጨበ። በጭብጨባው መሐል አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ተነስታ ወጣች። ዝናሽ ነበረች። አየኋት። እንዳላየሁ ሆንኩ… ማን ነይ አላት? ማን ነገራት?

ሰው ፊት ለፊት መናገር እንደሚያፍር ስለማውቅ፣ የአስተያየቱን ሥርዓት ራሴ አወጣሁ። በር ላይ ሳጥን ተቀመጠ። አጠገቡ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀመጥኩ። ስም አይጻፍም። ማን ምን ጻፈ ተብሎ አይጠየቅም። ይህንንም ሽማግሌዎቹን በሕዝብ ፊት አስማልኩ፤ መጀመሪያ የማልኩት እኔ ነኝ። መጻፍ የማይችል ለጎረቤቱ ነግሮ ያስጽፍ አልኩ። "የተጻፈውን እኔው አንብቤ ለእናንተው እናገራለሁ። እስከዚያ ጉባኤው አልተፈታም" ብዬ ዘጋሁ።

ሲወጡ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ጨርቅ ነጋዴው ሐይደር ጀመረ።

"ኮማንደር፣ አንድ ካዝና ስንት ጥይት ይጎርሳል?"

"ሠላሳ።"

"ያ ሰውዬ አርባ ሰባት ተኩሶ ካዝና አልቀየረም። ቆጥሬያለሁ። ከየት እንደሚያስመጣው ይጠይቁልኝ፣ ወኪል እሆናለሁ።"

የሻይ ቤቷ ባለቤት ትርፌ እየቀዳች፣ "ጥይቱስ ይሁን" አለች። "ያ ሞተር ሳይክል ግን በአንድ እርግጫ ተነሳ። የኛዎቹ እኮ የገበያ ሰው ሰብስበው ነው የሚያስገፉት።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሐይደር እየሳቀ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። ይህ ትዝ ያለኝ አሁን ስጽፍ ነው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሳጥኑን ከፈትኩ። መቶ አርባ ሦስት ወረቀት።

"ድምፁ ጆሮ ይበሳል።" "ተራራው የኛ ሆኖ ስሙ ለምን አልተጠራም?" "ልጅቷ ቆንጆ ናት፤ የዋግ ልጅ ግን እንዲያ አትለብስም።" "ፖሊስ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ሌባ በጠፋ ነበር።" እያነበብኩ በየክፍሉ ደለደልኩ፤ ድምፅ፣ ምስል፣ ትወና፣ ታሪክ። ሥራው ደስ አለኝ።

ከዚያ አንዱን ገለጥኩ። "የፊልሙ ልጅ ሮጠ። በእውቀቱ አልሮጠም።"

ቁጭ አልኩ። ቀጣዮቹ ሃያ ደህና ነበሩ። ከዚያ ሌላ። "አውቶቡሱ ውስጥ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ልጁ መሬት ተቀምጦ ነበር።" ሌላ። "ኮማንደሩ ያውቃል።"

ዘጠኝ ሆኑ።

ምን አደረግሁ? ሽማግሌ አስቀመጥኩ፣ አስማልኩ፣ ስም አይጠየቅም አልኩ፣ ጉባኤው አልተፈታም አልኩ። ይህ የፊልም አስተያየት ሥርዓት አይደለም። አውጫጭኝ ነው። አባቶቻችን በደል የሠራ ሲጠፋባቸው አገሩን ሁሉ ሰብስበው፣ ያየው ለሽማግሌ በምስጢር እየነገረ፣ ሽማግሌውም "ወፍ ነገረችኝ" እያለ እውነቱን የሚያወጡበት። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። እኔ ሰው ሰብስቤ መምራት የማውቀው በዚያው በአንዱ መንገድ ነው። ሕዝቡም ሊመልስልኝ የሚያውቀው እንደዚያው ነው።

ነገሩን ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የወንዙ ኬላ ላይ አዛዥ ነበርኩ። አንድ ሽፍታ ይፈለግ ነበር። የዝናሽ ልጅ በእውቀቱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አንድ ጣሳ ማር ይዞ በአውቶቡስ መጣ። ተፈላጊውን ያስመሰለው የለበሰው ቀይ ሹራብ ብቻ ነበር። ውረድ ተባለ፣ ወረደ። ተቀመጥ ተባለ፣ ተቀመጠ። እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ገበያው የሚባል አዲስ ምልምል እጁ እየተንቀጠቀጠ ተኮሰ። ማታ ሪፖርቱን ጻፍኩ። "ተጠርጣሪው ለማምለጥ ሲሮጥ…" ልጁ አንዴ ሞቷል፣ ምልምሉን ላድን፣ አልኩ። ገበያው ከሦስት ዓመት በፊት በበሽታ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ያን ወረቀት ለማን ብዬ ጠበቅሁት?

ዝናሽ ሦስት ጊዜ ቢሮዬ መጥታ ነበር። "ልጄ አልሮጠም ብለው ይጻፉልኝ። ሌላ አልጠይቅም። የሽፍታ እናት ነው የምባለው።" ሦስት ጊዜ፣ "እመት ዝናሽ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል" አልኳት። በትሕትና። ወንበር ስቤ አስቀምጬ።

ዘጠነኛዋን ወረቀት መጨረሻ አነበብኩ። "እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ነበር። ማሩ አሸዋ ላይ ፈሰሰ።" ፊደሎቹ ትልልቅ፣ ወደ ግራ የተጋደሙ… በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጥሩሐረግን እጇን ይዤ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ።

ጥሩሐረግ ያን ቀን ከፃግብጂ ዘመዶቿ ዘንድ ትመለስ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች። "አላየሁም፣ በወዲያኛው ወገን ነበርኩ" አለችኝ ያኔ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አመንኳት። ማመን ይመቸኝ ነበር።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ራት ላይ።

"የሰው አስተያየት እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ደህና ከሆነ ጥሩ" አለችና ወጥ ጨመረችልኝ።

መጠየቅ አልችልም። ምያለሁ። ወፏ አትጠየቅም… ከወፏ ጋር አንድ ገበታ ተቀምጬ እጎርሳለሁ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ወንዳወቅ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ዘጠኙ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ቶሎ መለሰው።

"ኮማንደር፣ እነዚህ ከርዕሱ የወጡ ናቸው።"

"ይመስልሃል?"

"የተጠየቀው ስለ ፊልሙ ነው። የእርስዎ ስምም ለዚች ከተማ… ይገባዎታል።"

ለፊልም ሠሪዎቹ በሚላከው ሪፖርት ላይ ጻፈ። "ዘጠኝ አስተያየቶች ከርዕሰ ጉዳዩ ውጪ በመሆናቸው አልተካተቱም።" ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል ነግሦ ገባ። ከቅጽሩ ደጃፍ ላይ ዝናሽ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ።

"ወፏ ምን አለች?"

"እመት ዝናሽ፣ የተሰበሰብነው ለፊልም ነው።"

"ለምን አስማሉ ታዲያ?"

በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር ብላኝ ሄደች። ሰምቻለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ወንዳወቅ ደወለ። "ኮማንደር፣ አዳራሹ ሰው ሞልቷል።"

"ፊልም አለ እንዴ?"

"የለም። ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ምን ፈለጋችሁ ስላቸው፣ 'ጉባኤው አልተፈታም፣ ኮማንደር ራሱ ነው ያለው' ይሉኛል።"

አሞኛል በልልኝ አልኩት። እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጠው ተበተኑ። ጥሩሐረግም ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ነበር። የት ነበርሽ አላልኳት።

የነደደኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ሰው ዘጠኝ ዓመት የት ነበር? በፊልሙ ላይ ልጅ ሲወድቅ ያጨበጨበው እጅና ወረቀቱን የጻፈው እጅ አንድ ነው። ሐይደር አርባ ሰባት ጥይት ቆጠረ። የወንዙ ኬላ ላይ አንዲት ነበረች፤ እሷን ማን ቆጠራት? … እያልኩ ስናደድ ዋልኩ። ማታ ቁጣዬ ሌላ ሰው ፍለጋ መሆኑ ገባኝ።

ኅዳር 19

ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ቆመ። ትርፌ ሳልጠይቃት ሻይ አቀረበች፤ "ኮማንደር፣ የፊታችን እሑድስ ይሻልዎት ይሆን?" አለችኝ። በትሕትና ነው የጠየቀችው። እኔም ለዝናሽ በትሕትና ነበር የምመልሰው።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሄድኩ። ካለፈው ይበልጥ ሰው ነበር። ወንበር አልበቃ ብሎ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ። ዝናሽ ከፊት። ጥሩሐረግ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሐል።

የተዘጋጀ ንግግር አልያዝኩም። ዘጠኙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ካስማልኳቸው ሽማግሌዎች አንዱ፣ አቶ ደግሰው፣ በሥርዓቱ መሠረት ተነሥቶ ጠየቀኝ።

"ወፏ ምን አለች?"

"ልጁ ተቀምጦ ነበር አለች። እጁ ጭንቅላቱ ላይ ነበር። አልሮጠም።"

"የማንን ስም ጠራች?"

ዘጠኙን ወረቀት በእጄ ሰበሰብኩ።

"የተኮሰው ገበያው ነው። ሞቷል። ሮጠ ብሎ የጻፈው እኔ ወልደ ሐዋርያት ነኝ። አዛዡም እኔ ነበርኩ። አይቼ ነው የጻፍኩት።"

ማንም አላጉረመረመም። ማንም አላለቀሰም። የሚያውቁትን ነበር የነገርኳቸው… ለካ የመጡት እውነቱን ሊሰሙ አልነበረም፤ እናገረው እንደሆነ ሊያዩ ነው። አቶ ደግሰው ዝናሽን አያት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

"እንግዲህ ጉባኤው ተፈቷል" አለ።

ወንበር የመሳብ ድምፅ ብቻ። በሩ ጋ ሐይደርን አገኘሁት። "አውቶቡሱ ውስጥ አራተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ኮማንደር" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። አላመሰገንኩትም፤ እሱም ምስጋና የጠበቀ አልመሰለኝም።

ቤት ጥሩሐረግ ቀድማኝ ገብታ ነበር። ራት አቀረበች። አብረን በላን።

ኅዳር 24

ለሚመለከተው አካል ቃሌን በጽሑፍ ሰጠሁ። የተቀበለኝ ወጣት መርማሪ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? እንደ ፈረሙ አይመለስም" አለኝ። ያኔ እንዲህ የሚለኝ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ… አይ። ቢኖርም ዝም አሰኘው ነበር።

ታኅሣሥ 6

ሽማግሌዎቹ ሰብሳቢነቱን ለአቶ ደግሰው ሰጡ። ተገቢ ነው። "በሕመም ምክንያት" ብለው በቃለ ጉባኤ አሰፈሩት። እንዲያርሙት ጠየቅኳቸው። ቅር አላቸው፤ "ለእርስዎ ክብር ብለን እኮ ነው" አሉኝ። እኛ አገር ውሸት ሁሉ የሚጻፈው ለሰው ክብር ተብሎ ነው።

ታኅሣሥ 20

ከፊልም ሠሪዎቹ ደብዳቤ መጣ። የተመልካቹ አስተያየት እጅግ ጠቅሟቸዋል። የኬላው ትዕይንት ከሁሉ በላይ እንደተወደደ ከሪፖርታችን ተረድተዋል።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ምርመራው ገና ነው። መጋቢት ላይ እቀርባለሁ ተብያለሁ። የልጁ መዝገብ ግን ታረመ። ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ። ራሴ ላድርስ ብዬ ለመንኩ፣ ፈቀዱ።

መንገድ ላይ ሰላምታ አልተነፈግሁም። ድሮ ከወንበር ይነሱልኝ ነበር፤ ዛሬ ተቀምጠው እጅ ይነሣሉ። ጥሩሐረግ ስወጣ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። ከኅዳር ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ዝናሽ ደጃፏ ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። ይግቡ አላለችም። ወረቀቱን ገልብጣ አይታ መለሰችልኝ።

"ያንብቡልኝ።"

አነበብኩ። "…ሟች በእውቀቱ በታዘዘው መሠረት ተቀምጦ ሳለ፣ ሳይሮጥና ሳያመልጥ…"

"ይድገሙት።"

ደገምኩ።

"የመጀመሪያውን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ፈጀብዎ?"

"አንድ ሰዓት አይሞላም።"

"ይሄንንስ?"

"ዘጠኝ ዓመት።"

ወረቀቱን ተቀብላ በአራት አጠፈችው። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ኮማንደር" አለች። "መጋቢት ላይ ይቅናዎት።"

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።