ለአባባ ብቻ የተነሣው ሕግ

ውድ እህቴ ሀኒፋ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ከጭሮ የእኔና የአባባ ሰላምታ እስከ ድሬዳዋ ይድረስሽ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ከባንክ ሥራሽ ደመወዝ በገዛሽልኝ ላፕቶፕ የጥንቱን የሰንጠረዥ ጨዋታ ፕሮግራም ጨረስኩት፤ አላህ ኸይር ጀዛሽን ይክፈልሽ። ሕጉን ያስተማሩኝም፣ ከማሽኑ ጋር እየተጫወቱ የሚሞክሩልኝም አባባ ናቸው።

አንድ ዓይነት አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ፕሮግራሙ «አቻ» ብሎ ይዘጋል። አባባ ሲጫወቱ ሁልጊዜ ስለሚዘጋ ስህተት መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ኮዱን በረበርኩት። ኮዱ ምንም የለበትም። አባባ ፈረሳቸውን አውጥተው ይመልሳሉ፣ መልሰው ያወጣሉ፤ ማሽኑም ይከተላቸዋል። «ገና ሳልጀምር ምን ይዘጋብኛል?» ሲሉኝ ያንን ሕግ ለእሳቸው ብቻ አነሣሁላቸው። አሁን ደስ ብሏቸው ይጫወታሉ።

ትናንት «ሀኒፋ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አሳያታለሁ» አሉኝ። ትመጣለች አልኳቸው።

ለዒድ ነይ፤ በዱዓሽም አትርሺን።

ወንድምሽ ሙከሚል