በእርጥቡ ስለታጠፈው ሸራ የተነገረ የመጨረሻ ቃል

እኔ ኸርበርት ትሬልፎል፣ በሞርካም ከተማ፣ ከባሕሩ ዳር አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቤቴ፣ በሰማንያ አንድ ዓመቴ፣ ዛሬ ሰኞ ኤፕሪል 14 ቀን 2003 ይህን እናገራለሁ። ሳንባዬን የሙጫ ሽታ ጨርሶታል፤ ልቦናዬ ግን አልደከመም። ሐኪሙ ይህንኑ በወረቀት አረጋግጧል፤ እርሱ ባያረጋግጥም ዛሬ ጠዋት የጋዜጣውን እንቆቅልሽ ከጎረቤቴ ከአቶ ሃርጂት ቀድሜ ፈትቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ያስገደደኝ ንዴት ብቻ ነው፤ እርሱም የራሴ ነው።

ቃሌን የሚጽፉት ጠበቃው አቶ ኦልድሮይድ ናቸው። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር አቶ ሃርጂት ሶሃል፣ ሁለተኛዋ ከሟች ባለቤቴ ከኦሊቭ ጋር በአንድ የስፌት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ወይዘሮ ሞድ ክሪችሊ። አቶ ኦልድሮይድን አንድ ነገር ለምኛቸዋለሁ፤ በዚህ ክፍል ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ እንዳለ እንዲጽፉት። «ኑዛዜ እንዲህ አይጻፍም» አሉኝ። «የእኔ እንዲህ ይጻፋል» አልኳቸው።

አንደኛ፤ ቤቱን ከነዕቃው ለልጄ ለጊሊያን ሰጥቻለሁ። መኪናዬን በሰው ፊት «ያ አሮጌ ቆርቆሮ» ማለቷን አልረሳሁም። ይቅር ብያታለሁ፤ በየእሑዱ ሾርባ ይዛ የምትመጣልኝ እርሷ ናትና። ሾርባው ጨው የለውም፤ ይህንንም ይቅር ብያለሁ።

ሁለተኛ፤ የኦሊቭን የስፌት ማሽን ለወይዘሮ ሞድ እሰጣለሁ ብዬ ጀምሬ ነበር። አቶ ኦልድሮይድ አስቆሙኝ። በኑዛዜ ላይ የሚመሰክር ሰው ከኑዛዜው ምንም ሊቀበል አይችልም ይላል ሕጉ። ሞድ ሳቀችና፣ «እኔስ በዚህ ዓይኔ ምን ላደርገው? መርፌውን ተወው፣ ማሽኑን ራሱን አጥርቼ አላየውም እኮ» አለች። ስለዚህ ማሽኑ ለጊሊያን ይሁን። መጋረጃ ትስፋበት እንጂ እንደ ጌጥ የአበባ ማሰሮ እንዳታስቀምጥበት።

ሦስተኛ፤ በስተቀኜ ለሚኖረው ለአቶ ፐርሲ ግሪንሃልፍ አሮጌውን ባልዲዬን ሰጥቻለሁ። ይህ ሰው በየቀኑ የተረፈውን የተጠበሰ ድንች ለባሕር ወፎች ይበትናል፤ ወፎቹም በልተው ሲያበቁ የሚያርፉት ከእኔ መኪና በላይ ባለው ሽቦ ላይ ነው። የመኪናዬ ጣሪያ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ የወፍ ኩስም ሸራን እንደ አሲድ ይበላል። ሲደርቅ ቢፍቁት ክሩን ይዞ ይነሣል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ እስኪለሰልስ መጠበቅ፣ ከዚያም ቀስ አድርጎ ማንሣት ያስፈልጋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሳነሣ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን «ፐርሲ፣ እባክህ ተው» ብለው፣ «ወፎቹም እኮ ነፍስ አላቸው» አለኝ። የእኔን ነፍስ ግን አልጠየቀም። እኔ ስሞት በባልዲው ውሃ ይዞ ያጽዳ።

አራተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። በ1964 የተሠራችው አረንጓዴ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪናዬ፣ ከነሸራ ጣሪያዋ፣ ለከተማችን የአሮጌ መኪኖች ማኅበር ትሰጥ። ልጄ ሌዝሊ አይንዳት፣ አይቀመጥባት፣ እጁንም አያሳርፍባት። ምክንያቱን እናገራለሁ፤ ሳልናገረው ብሞት አጥንቴ አያርፍም።

አርባ አንድ ዓመት የመኪና ታፒሴሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ለሐኪሙም ለቄሱም ለባለ ፋብሪካውም የመኪና ጣሪያ ሠርቻለሁ። የራሴን ግን በ1978 ክረምት እኔ ቆረጥኩት፣ ኦሊቭ ሰፋችው፤ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ፣ ድርብ ስፌት፣ በሰም በታሸ ክር። የሰው እጅ ከዚያ የተሻለ ስፌት ሰፍቶ አላየሁም፤ ብዙ አይቻለሁ።

ሰው ሸራን ተራ ጨርቅ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ንዴቴ ከዚያ ይጀምራል። የሸራ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ለብ ባለ ውሃና ልስልስ ባለ ሳሙና፣ በእጅ፣ ድሩን ተከትሎ ይታጠባል፤ ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ ይለቀለቃል። አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ውስጥ ተወጥሮ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የኋላውን የፕላስቲክ መስኮት በፎጣ ሸፍኖ የውሃ መከላከያውን በስሱ መቀባት ነው፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። ጠብታ ውሃ ሲጥሉበት ከተንከባለለ ሸራው ደህና ነው፤ ከጠጣው ደህና አይደለም። በረኪና የሚያስነካው፣ በግፊት ውሃ የሚወጋው ሰው ባለቤቱ ሊባል አይገባውም። ሌዝሊ በሃያ ዓመቱ «ጊዜ ለመቆጠብ» ብሎ በመኪና ማጠቢያው በሚሽከረከሩት ትልልቅ ብሩሾች መካከል መኪናዋን ይዞ ገባ። ክሩ ፀጉር አወጣ፤ ኦሊቭ ሁለት እሑድ ተቀምጣ ፀጉሩን በመቀስ ለቀመችው። ያንን ልጅነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆቼ ከጸሎት በፊት የተማሩት አንድ ሕግ አለ፤ ሸራ በእርጥቡ አይታጠፍም። በመኪናዋ ማደሪያ በር ላይ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ። የአገሬን ሰው በሽታ አውቀዋለሁና ነው። ሳምንት ሙሉ ዘንቦ ደመናው አንዴ ገለጥ ሲል፣ ሸራው ገና ውሃ እያንጠባጠበ፣ «ፀሐይ ወጣች!» ብሎ አጥፎ ይነዳል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ይመለሳል። ሲበላሽበት ወደ እኔ እየመጣ፣ «በርት፣ ምን ነካው?» ይለኛል። ምን እንደነካውማ አንተ ታውቃለህ!

ኦሊቭ በኖቬምበር 1994 አረፈች። ያን የብርድ ወራት መኪናዋን ዞር ብዬ አላየኋትም። በኤፕሪል ማደሪያውን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ሸራው ታጥፎ ነበር፤ በእርጥቡ። ዘርግቼ ሳየው በኦሊቭ ስፌት ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሻጋታ ሰፍሮበታል፤ መስኮቱም እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። ባለቤቴ ከሞተች አምስት ወር ሳይሞላ የእጇ ሥራ በስብሶ ጠበቀኝ። የመኪናዋ ሁለተኛ ቁልፍ በሌዝሊ እጅ ስለነበር ጠራሁት።

«አንተ ነህ ያጠፍከው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እርጥብ መሆኑን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ዛሬም ቢሆን አጥፈው ነበር» አለኝ፤ ዓይኔን እያየ።

ከቤቴ አስወጣሁት። እነሆ ስምንት ዓመት ሆነው። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች፤ እርሱም አባት የሌለው ሆኖ ኖረ። ሸራውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ነጠብጣቡ እስከ ዛሬ አለቀቀም። አቶ ኦልድሮይድ፣ «አይቀመጥባት» የሚለውን ያስምሩበት።

እዚህ ላይ ወይዘሮ ሞድ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና፣ «እኔ አልፈርምም» አለች።

አቶ ኦልድሮይድ፣ «ወይዘሮ ክሪችሊ፣ እርስዎ የሚመሰክሩት ፊርማው የእርሳቸው መሆኑን ነው እንጂ ያሉት ሁሉ ልክ መሆኑን አይደለም» አሏት።

«እርስዎ ሕግዎን ይያዙ። እኔ ስሜን ከውሸት ሥር አላኖርም።»

«ማን ነው የዋሸው?» አልኩ፤ ደሜ ፈላ።

«ዝም በል በርት። በዕድሜህ አንዴ እንኳ ዝም በልና ስማ!»

በቤቴ ውስጥ እንዲህ ብሎ የተናገረኝ የለም። ቢሆንም ያለችው እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ።

«ያን የኦክቶበር ማክሰኞ አንተ ሱቅህ ገብተህ የዚያን የባለ ፋብሪካ ሸራ ትቀባ ነበር» አለችኝ። «ጠዋቱን ሙሉ ሲዘንብ አርፍዷል። ኦሊቭ ከሆስፒታል ከወጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ‹ሞድ፣ ይቺ ፀሐይ ካመለጠችኝ ሌላ አላገኝም› አለችኝ። ፀጉሯ በመድኃኒቱ አልቆ ነበር፤ ሻርፗን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ሌዝሊን ጠራችው። ልጁ ሸራውን በእጁ ዳበስ አድርጎ፣ ‹እማዬ፣ እርጥብ ነው፤ አባዬ ይገድለኛል› አላት። ‹የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እጠፈው› አለችው። አጠፈው። በባሕሩ ዳር ይዟት ሄደ። ያን ማታ ብሶባት ወደ ሆስፒታል መለስናት፤ ከዚያ በኋላ ሸራውን ማን ያስበው?»

«ስጠይቀው ለምን አልነገረኝም?»

«አስምላው! እኔንም አስምላኛለች። ‹በርት እንዳይሰማ። ከሰማ እስክሞት ድረስ የሚያወራኝ ስለ ሸራ ነው› አለች። ለሞተ ሰው የገባሁት ቃል ነውና ስምንት ዓመት አፌን ዘጋሁ። አሁን ግን ልጁን በወረቀት ልትቀብረው ነው። ይብቃ!»

አቶ ሃርጂት ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አቶ ኦልድሮይድ ብዕራቸውን አቆሙ፤ ይጻፉ አልኳቸው።

ተናድጃለሁ፤ ይህም ይመዝገብ። ስምንት ዓመት ዝም ባለችው በሞድ ተናድጃለሁ። አንዲት ቃል ተናግሮ ራሱን ማዳን ሲችል ባልተናገረው በሌዝሊ ተናድጃለሁ። ትታኝ በሄደችው በኦሊቭም ተናድጃለሁ። ግን ንዴቱን ሁሉ ገልጬ ሳየው ከሥሩ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የገዛ ባለቤቴ፣ ልትሞት አንድ ወር ሲቀራት፣ ፀሐይ ለመሞቅ ከእኔ ተደብቃ እንደ ሌባ ወጣች። የምትሰርቀው የራሷን እጅ ሥራ ነበር። ቤቴን እንዲህ ያለ ቤት ያደረግሁት ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ስለዚህ አራተኛው አንቀጽ ይሰረዝ። አቶ ኦልድሮይድ በአዲስ ወረቀት እንጀምር ቢሉ እምቢ ብያለሁ፤ ስሕተቴ ከነስርዙ ይታይ። በኅዳጉ ላይ እኔና ሁለቱ ምስክሮች ፈርመንበታል። መኪናዋ ከነሸራዋ የልጄ የሌዝሊ ናት። ሻጋታውን እንደምንም ብሎ ያስለቅቀው፤ ሻጋታ ሐዘን አያውቅም፣ ክር ይበላል። ደግሞም ፀሐይ ስትወጣ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከፈለገ፣ ሸራው እርጥብም ቢሆን ይጠፈው። ይህን የምናገረው ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ግን ተናግሬዋለሁ።

ከዚያም፣ «ይህ ወረቀት የሚከፈተው ስሞት ነው፤ ለልጄ የምለው ግን ሬሳዬን የሚጠብቅ አይደለም» አልኩና አቶ ሃርጂት ስልኩን አቀበሉኝ። የልጄን ቁጥር አላውቀውም ነበር። ሞድ በቃሏ ታውቀው ኖሯል።

«አባትህ ነኝ» አልኩት። ይቅርታ ልለው አፌን ብከፍት ሌላ ወጣ፤ «ፀሐይዋ ምን ያህል ቆየችላት?»

«ሞድ ነገረችህ?»

«አሁን፤ እዚሁ።»

«ሩብ ሰዓት አትሞላም አባዬ። ከዚያ ዶፉ ወረደ። ሸራውን ልዘጋ ስነሣ እጄን ያዘችኝ። ‹ተወው፤ ዕድሜ ልኬን ሰው ላይ እንዳይዘንብ ስሰፋ ኖሬአለሁ፤ እስቲ እኔ ላይ ይዝነብ› አለች። እስክንመለስ ድረስ ትስቅ ነበር።»

ይህም ይጻፍ ብያለሁ፤ ተጽፏል። ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም። ሁለቱ ምስክሮች እያዩኝ ፈርሜአለሁ፤ እነርሱም እኔ እያየሁ ፈርመዋል።

ተናዛዥ፤ ኸርበርት ትሬልፎል (ፊርማ)

ምስክር፤ ሃርጂት ሶሃል (ፊርማ)

ምስክር፤ ሞድ ክሪችሊ (ፊርማ)