ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017፣ ሚዛን

ዛሬ ድካሙ ከሥራው ብዛት አይደለም። አልማዝ ከሸዋ ቤንች መጣች፤ የልብ ታማሚያችን ናት። ሕመሟ እንዳይባባስ በየወሩ መወጋት የነበረባትን ፔኒሲሊን ሦስት ወር አቋርጣለች። እግሯ አብጧል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። “ለምን ቀረሽ?” አልኳት። አማርኛ እንደማትችል እያወቅሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት።

የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ወርቄ ቤንችኛ ይችላሉ። መወልወያቸውን አስደግፈው አነጋገሯትና ወደ እኔ ዞሩ።

“ሲስተር፣ አልቀረችም እኮ። ሁለት ጊዜ መጥታለች። ካርድ ክፍል የምትለው ስላልገባቸው ሁለቴም መልሰዋታል።”

ካርዷን ከፈትኩ። በራሴ እጅ ጽሑፍ “ክትትል ያቋረጠች” ይላል። ሰርዤ “መጥታ የተመለሰች” አልኩት። ለልቧ ግን ምን ይጠቅማታል?

ዶክተሩ ወደ ጅማ ሪፈር ጻፈላት። አምቡላንሱ ላይ ስናወጣት እጄን ያዝ አድርጋ አንድ ነገር አለችኝ። እትዬ ወርቄ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። እኔም እንደገባኝ ሰው ራሴን ነቀነቅሁላት። መኪናው ሄደ። ምን እንዳለችኝ አላውቅም።