ጌጥ ስለሆነው የሸምበቆ ቋጠሮ

ይድረስ ለክቡር የማዘጋጃ ቤታችን የቱሪዝም ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብሁ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። በተለይ ጉልበትዎ። «የላንጋይ ሐይቅ የቤተሰብ የእግር መንገድ» በተመረቀ ዕለት ከመኪናዎ ወርደው እስከ ሪባኑ ድረስ ሲራመዱ እንዴት እንደደከመዎት ያየን የኮልያን መንደር ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ያሳስበናል። ሐይቁን ራሱን ለማየት ጊዜ እንዳልነበረዎት ሰምተናል። ብዙም አልቀረብዎትም፣ ውሃና ዛፍ ነው።

ዴልፊን ባኪያን እባላለሁ። ስሜን ባያስታውሱት አይፈረድብዎትም፤ የጆቬሊን አባት ብል ግን ያውቁኛል፣ በላኩልኝ የግብዣ ካርድ ላይ የልጄ ስም በወርቃማ ቀለም ተጽፏልና። መንገዱ በመጪው ቅዳሜ እንደገና ሲከፈት ሪባኑን ከእርስዎ ጎን ቆሜ እንድቆርጥ፣ መግቢያውም «የጆቬሊን በር» ተብሎ እንዲሰየም መወሰኑን ተረድቻለሁ። እንዲህ ያለውን ክብር ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ንፉግነት ስለመሰለኝ መልሴን አገር እንዲያነበው በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

አንደኛ፣ መንገዱን ለቤተሰብ የሚስማማ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። አያቶቻችን ከዝናብ በኋላ እንጉዳይ ሊለቅሙ ሲሄዱ ልጅ አዝለው፣ ሌላውን በእጅ ይዘው ሐይቁን ይዞሩት ነበር፤ እኛም ከኋላቸው እየሮጥን ነው ያደግነው። ይህ ለቤተሰብ የሚስማማ መሆኑን የሚነግረን የተማረ ሰው ስላልነበረ፣ ሳናውቀው በሰላም ሄደን በሰላም ስንመለስ ኖረናል።

ሁለተኛው ነገር ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። እርስዎ ከቆላ የመጡ እንግዳችን ነዎትና ነገሩን ከሥሩ ባስረዳዎት ይሻላል። የመንደራችን ሽማግሌ ላካይ ፓይታን መንገድ ሲከፋ፣ ወይም ጫካው ማረፍ ሲኖርበት፣ አንድ ዘንግ ሸምበቆ ቆርጠው ቅጠሉን ጫፉ ላይ ይቋጥሩና መሬት ላይ ይተክሉታል። ፑዶንግ እንለዋለን። ትርጉሙም አንድ ብቻ ነው፤ ከዚህ ተመለስ። ጽሑፍ የለውም፣ ዘበኛም የለውም። ፑዶንግ የቆመበትን የስኳር ድንች ማሳ ሌባ እንኳ አይረግጠውም። ልጅ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር እናቷ የምታስተምራት ሁለት ነገር ነው፤ እሳት ያቃጥላል፣ ፑዶንግ አይታለፍም።

ክቡርነትዎ መንገዱ ሲሠራ ለጉብኝት መጥተው ከመንደሩ በላይ አንዱን ባዩ ጊዜ እጅግ ደስ አለዎት። «እንዴት ያምራል! አርማችን መሆን ያለበት እኮ ይሄ ነው!» አሉ። ላካይ ፓይታንም «ጌታዬ፣ ይሄ ለማማር የቆመ አይደለም። አትለፍ ማለት ነው» አሉዎት። እርስዎም ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው «አይዞዎት አባባ፣ ባህልዎን ለዓለም እናስተዋውቅልዎታለን!» ብለው መለሱላቸው።

ቃልዎንም አላጠፉም። ከመግቢያው እስከ ሐይቁ ጥግ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሸምበቆ ቋጠሮ በቀይና በቢጫ ጥብጣብ ታስሮ ተደረደረ። ካናቴራ ላይ ታተመ። ትልቁ ደግሞ በበሩ አናት ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩም «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተባለ። እኛም ቆመን ሰዎች «ተመለስ» በሚል በር ሲገቡ አየን። ላካይ ፓይታን ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ «ውሻ ቀኑን ሙሉ ከጮኸ፣ ሌባ ሲመጣ ማን ይነሣል ልጆቼ?» አሉ። ሳቅን። ምርቃት ነበርና ሆዳችን ጠግቦ ነበር።

ሦስተኛ። ከምርቃቱ በኋላ የመታን አውሎ ነፋስ ባለፈ ማግስት ላካይ ፓይታን እንደ ልማዳቸው ሐይቁን ዞሩ። በምሥራቅ በኩል፣ ሰው ፎቶ የሚነሣበት ጋ፣ የዳሩ አፈር ከዛፎቹ ሥር ተሰንጥቆ ውሃው ከታች እንደቦረቦረው አዩ። ሁለት ፑዶንግ አጣምረው ተከሉ፤ ከዚያ በላይ የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ የለም። ወርደው ጽሕፈት ቤትዎም መጡ። ጸሐፊዎ «አባባ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ብቅ ይበሉ» አለቻቸው። ስብሰባው ስለ ጎብኚዎች ደኅንነት እንደነበረ በኋላ አወቅን፤ እንደተሳካም ተስፋ አለኝ።

በማግስቱ የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ይዞ ሐይቁን ሊያዞራቸው ወጣ። የሆነውን የነገሩኝ አብረዋት የነበሩት ልጆች ናቸው። ጆቬሊን ከፊት ነበረች፤ ሁለቱ ሸምበቆዎች ጋ ስትደርስ ቆመች። «መምህርት፣ ፑዶንግ አለ። አይታለፍም» አለች። መምህርት ፍሎሬንሲያ ከቆላ የተመደቡ ደግ ሴት ናቸው፤ «የኔ ቆንጆ፣ እስካሁን ስንቱን አልፈን መጣን? ጌጥ እኮ ነው» አሏት። ከኋላዋ የነበሩት ልጆችም «ጆቬ ፈሪ! ጆቬ ሸምበቆ ትፈራለች!» እያሉ ያዜሙባት ጀመር። እኔ መምህርቷን አልወቅስም። ከበሩ ጀምሮ ያለፉት ሁሉ በእርግጥም ጌጥ ነበር።

ልጄ ሸምበቆውን አልረገጠችውም። እናቷ እንዳስተማረቻት አክብራው በጎኑ ዞራ አለፈች። ዳሩም ይዟት ወረደ።

ሁለት ልጆች በልብሳቸው ተይዘው ተጎትተው ተረፉ። እሷን ያገኘናት በማግስቱ ነው። በእኛ ወግ በአደጋ የሞተ ሰው ወደ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ እስክትቀበር ድረስ ከደጅ፣ ከጣራው ጠርዝ ሥር አስተኛናት። ጆቬሊን ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም ነበር። እናቷ ዶሚንጋ ከጎኗ ተቀምጣ ብርድ ልብሷን ስታስተካክልላት ነበር፣ እኔም ተይ ማለት አቃተኝ።

በአራተኛ ደረጃ ማመስገን የምፈልገው በለቀስተኛው ፊት ስለደረሰን የአበባ ጉንጉን ነው። ዙሪያውን በሸምበቆ ቋጠሮ አሳምረውታል። ዶሚንጋ ባየችው ጊዜ «ይሄን ነገር ከልጄ አርቁልኝ!» ብላ ጮኸች። ላካይ ፓይታን ወስደው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈቷቸው። አበቦቹን ግን መለሱልን፤ አበቦቹ ምንም አላጠፉም።

አምስተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው መግለጫ «በስፍራው ምንም ዓይነት ማስጠንቀቂያ አልነበረም፤ ነዋሪዎችም ስለ አደጋው አስቀድመው አላሳወቁም» ተብሎ በተመረጡ ቃላት ተጽፏል። ከጽሑፉ በታች የቦታው ፎቶግራፍ አለ። በፎቶግራፉ ላይ የላካይ ፓይታን ሁለት ሸምበቆዎች፣ አንዱ ዘንበል ብሎ፣ ቆመው ይታያሉ። ከሥራቸውም «ጉዳት የደረሰበት ጌጥ» የሚል ማብራሪያ ተሰጥቷቸዋል። ለትክክለኛነትዎ ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል አጥቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ማንም እንዲታሰር አልጠየቅሁም። በልጄ ስም የሚጠራ በርም አልፈልግም፤ ስሟን የምንጠራበት ቤት አለን። መንገዱም ይዘጋ አልልም፤ ቤተሰቦች ይምጡ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይዙሩት፣ ሐይቁ የማንም ጠላት አይደለም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከቅዳሜ በፊት ጌጥ ብለው የሰቀሉትን ቋጠሮ ሁሉ፣ ከበሩ አናት ጀምሮ፣ አንድም ሳይቀር ያውርዱልን። ላካይ ፓይታን የተከሉትን ብቻ ይተዉልን።

ይህን የምለው ለሞተችው አይደለም፤ ለእሷ ጊዜው አልፏል። ታናሿ ሊዲያ ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ዶሚንጋ ከጎረቤት ማሳ ዳር አቁማት ፑዶንግ እያሳየቻት «ሊዲ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም «ጌጥ!» አለችና አጨበጨበች። ዶሚንጋ ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ከጀርባዋ አታወርዳትም። እኔ እሳት እንደሚያቃጥል አሁንም ላስተምራት እችላለሁ፤ ሌላውን ግን የክቡርነትዎ ጥብጣብ እስካልወረደ ድረስ እንዴት ብዬ እንደማስተምራት አላውቅም፣ ፈርቻለሁም።

ስለዚህ ሪባኑን ለመቁረጥ ባለመምጣቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ መቀሱን ከሪባኑ ይልቅ ለጥብጣቦቹ እንዲያውሉት በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለስብሰባዎችዎ መልካም ፍጻሜን፣ ለልጆችዎም ምድር የማይከዳቸው መንገድ እመኛለሁ። ከልብ መሆኑን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል።

የእርስዎን መልስ እንደ ዝናብ ማባሪያ የሚጠባበቅ፣
ታዛዥ ጎረቤትዎ
ዴልፊን ባኪያን፣ ከኮልያን መንደር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለመለጠፍ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ ላካይ ፓይታን አብረውኝ ነበሩ፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሲመለሱ ከበርዎ ፊት አንድ ሸምበቆ ቆሞ ያገኛሉ። ሠራተኞችዎ በጣም ወደውታል፤ አንዲቱም አጠገቡ ቆማ ፎቶ ተነሥታለች። ጌጥ ይሁን ክልክል እኔ አልነግርዎትም። አልፈው ለመግባት እግርዎን ሲያነሡ ትንሽ ቢያመነቱ፣ ልጄ ቆማ የነበረው እዚያ ነው።