ቀነዓ እንደገና ድራም ፊት

መሳዬ፣ ከቆቃ ሐይቅ ዳር ሰላም ብዬሃለሁ።

ድራመራችን ቀነዓ ባጃጅ ተገልብጦ ቀኝ እጁ ከተጎዳ ወዲህ የድራም ዱላ አጥብቆ መያዝ አቅቶታል። ለድራምና ለኮምፒውተር የጀመርኩትን አዲስ ሙዚቃ ይዤለት ብመጣም፣ «ሶፊ፣ እኔ ከእንግዲህ አልመታም» አለኝ። «አትምታው፤ እሸው» አልኩት። ሳቅ ብሎ በኦሮምኛ «ቶሌ»፣ እሺ አለ።

ዛሬ ጠዋት ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ የድራሙን ቆዳ ቀስ ብሎ ሲያሸው፣ ድራሙ እንደ ሰው አቃሰተ። ድምፁን በማይክ ቀድቼ፣ በኮምፒውተር አወፍሬና አዘግይቼ በስፒከር መለስኩለት። መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ያመጣሁትን የቫዮሊን ቀስት በግራ እጁ አንስቶ፣ በሲምባሉ የነሐስ ሰሃን ጠርዝ ላይ እየሳበ ለድምፁ መልስ ሰጠ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የውጭ ድምፅ እንዳይገባብን ስንታገል እንውል የለ? እዚህ የሐይቁ ንፋስና የወፎቹ ጩኸት ቀረጻው ውስጥ ገባ፤ ደስ ስላለኝ ተውኩት።

ባለቤቱ ሣራ ዓሣ ማጽዳቷን ትታ በር ላይ ቆመች። «አብሮህ የሚጫወተው ማነው?» አለችው።

«እኔው ነኝ» አላት፤ እጁን ግን አላቆመም።

የምጽፍበት ካርድ ሞላብኝ። የእናትህን የእትዬ አበበችን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጅህን እንቁንም አቅፈህ «ሶፊ ናፍቀሻታል» በላት። ቀነዓ «መሳይ ቤዝ ጊታሩን ይዞ ይምጣ» ብሎሃል።

ሶፊ