ከሎላ ኮራ የደበቅነው መንቀጥቀጥ

ሰኞ

«እማዬ እንዳትሰማ» አለኝ ልጃቸው ሮሚ፣ ገና በሩ ላይ። እዚህ ዳሊ ሲቲ ቤታቸው ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ፊሊፒናዊት ሎላ ኮራ ናቸው፤ ሎላ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። የተወለዱበትን ትልቅ ደሴት፣ ሚንዳናውን፣ ትናንት የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ታናሽ እህታቸው እዚያ ናቸው፤ ስልክ አያነሱም።

«ልቧ ደካማ ነው፣ ድንጋጤ አትችልም።»

ቲቪውን ነቀልኩት። ሎላ ምን ሆነ ሲሉኝ «ተበላሸ» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት!

ማክሰኞ

ልጄን ሜሮንን ጠየቅኳት። ኮሌጅ የምትማረው ስለ መሬት ነው። የባሕሩ ወለል ደሴቱ ሥር እየገባ ይገፋዋል፤ ብዙ ዘመን ተይዞ ይቆይና በድንገት ያመልጣል አለችኝ።

«ማሚ፣ አፍተርሾክ፣ ተከታዩ መንቀጥቀጥ፣ ገና ይቀጥላል።» እኛ የምንኖርበት ኦክላንድም የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው አለች። ይህን ዛሬ ባትነግረኝ ምን ነበረበት?

ረቡዕ

ፀጉራቸውን ሳበጥር «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ኧረ ማንም» አልኩ።

አባቴ ሲያርፍ ዘመዶቼ «ለእሷ ብለን ነው» እያሉ ሁለት ወር ደብቀውኛል። በዚያ መሀል ሠርግ ላይ ጨፍሬአለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለሮሚ ኮል አደረግኩለት። «ነገ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አያገባሽም!» ብሎ ዘጋብኝ። ከሥራ ያባርረኝ ይሆናል። ፈራሁ።

ሐሙስ

ሮሚ መጣ። እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ነገራቸው። እኔ የደም ግፊት መለኪያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

አልወደቁም። አለቀሱ። ከዚያ እጃቸውን ሊመቱት አነሱና ጉንጩን ዳበሱት። «ስንት ቀን ለእህቴ ሳልጸልይ አዋልከኝ!»

የስልክ ደብተራቸውን አስመጡኝ። ሮሚ እህትየው ጋ ብቻ ነበር የሚደውለው፤ እሳቸው ግን እዚያ ደሴቱ ላይ ላሉት ለቄሱ፣ ለጎረቤት፣ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሁሉ ደወሉ። ሴትዮዋ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አይቻታለሁ አለች። መቼ? እርግጠኛ አይደለችም።

ዓርብ

ልወጣ ጃኬቴን ስለብስ ተደወለ። እህትየው! በሰው ስልክ። ቤታቸው ፈርሷል፣ እሳቸው ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ነግቷል። ሁለቱ በቋንቋቸው ይንጫጫሉ፣ እኔና ሮሚ እንባችንን እንጠርጋለን።

ድንገት ከወዲያ ጩኸት። ከዚያ ዝም። ሎላ እጄን ጨመደዱኝ።

የእህትየው ድምፅ ተመለሰ፤ የተቆጡ ይመስላሉ።

«ምን አሉ?»

«ደግሞ ነቅንቋቸው ነበር፣ አለፈ። ሻዬን ደፋብኝ ትላለች» አሉኝ ሎላ፣ እያለቀሱም እየሳቁም።

ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ደግሞ ሊመጣ ይችላል። ሎላ ስልኩን አልዘጉም፣ እኔም ባቡሬ አመለጠኝ።